የማገዶ ቦይለር ጭስ ማውጫ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ውሃ ያንጠባጥባል፤ የጭስ ጋዝ የጤዛ ነጥብ ለየነዳጁ ስንት ነው?

«የማረፊያ ቤት ኃላፊ»፣ ጅማ፤ ሐምሌ 8

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ 22 ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። የመታጠቢያ ውሃችንን ቀድሞ የምናሞቀው በነጭ ናፍጣ በሚሠራ ቦይለር ነበር፤ የናፍጣው ወጪ ስለከበደን ግን ባለፈው ዓመት በከተማው ካሉ ብረታ ብረት ቤቶች በአንዱ የማገዶ ቦይለር አሠርተን ተክለናል። በአብዛኛው የምናነደው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ነው፤ ቡና በሚፈለፈልበት ወቅት ደግሞ ገለፈቱን በርካሽ ስለምናገኝ እሱንም እንቀላቅላለን። ጭስ ማውጫው በዚንክ ከተለበጠ ስስ ላሜራ የተጠቀለለና በአምስት መጋጠሚያዎች የተያያዘ ሲሆን፣ ከቦይለር ቤቱ ከወጣ በኋላ በውጭ ግድግዳው ላይ 6 ሜትር ያህል ሽቅብ ይሄዳል።

ከሰኔ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እሳት ከተለኮሰ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መጋጠሚያ ቡናማ ወደ ጥቁር የሚያደላ ፈሳሽ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን ደግሞ ራሱ ይቆማል። ሽታው እንደ ኮምጣጤና እንደ ጥቀርሻ ያለ ነው፤ ነጭ የነበረው ግድግዳ ላይም በምንም ቀለም የማይሸፈን መስመር ሠርቶበታል። ትናንት ሦስተኛውን ቁራጭ በጣቴ ጫን ብለው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። በመጀመሪያ የዝናብ ውሃ መስሎን ከላይ ቆብ አስደርገን ነበር፤ ነገር ግን ዝናብ ባልጣለባቸው ማለዳዎችም መንጠባጠቡ አልቀረም። በያጁ ላሜራውን በወፍራም ለውጡት ይለኛል። እኔ ግን እያንዳንዱ ነዳጅ ጭሱ ወደ ጤዛ የሚለወጥበት የራሱ የሙቀት መጠን እንዳለው አንብቤአለሁ። ይህ መጠን ለባሕር ዛፍ፣ ለገለፈት፣ ለናፍጣና ለሲሊንደር ጋዝ ስንት ነው? በመጻሕፍት የሚታተመው ቁጥርስ እንደ ጅማ ላለ ከፍታ ይሠራል? ልለውጥ የሚገባኝ ላሜራውን ነው ወይስ እሳቱን?

«የሙቀት ምሕንድስና መምህር»፤ ሐምሌ 8

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሰማይ ሳይሆን ከራሱ ከማገዶው የወጣ መሆኑን ይወቁልኝ። ሃይድሮጅን ያለበት ማንኛውም ነዳጅ ሲቃጠል ሃይድሮጅኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ግን በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ስለሚወጣ አይታየንም። አንድ ሊትር ነጭ ናፍጣ ተቃጥሎ ሲያልቅ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወልዳል፤ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ለማመን ስለሚቸገሩ ሁልጊዜ ሒሳቡን ራሳቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ። ጨርሶ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨትም ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ያወጣል፤ በእንጨቱ ውስጥ የነበረው እርጥበት በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በተነሳ ቁጥር በውስጥ ፊቱ ላይ የተሰለፈውን ጠብታ ያስቡት። ከሊጡ የተነሳው እንፋሎት ከእሱ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኝ ተመልሶ ውሃ ሆነ ማለት ነው። የጭስ ማውጫዎ የውስጥ ፊትም እንዲሁ ነው። የጤዛ ነጥብ የምንለው እንፋሎቱ ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን ሲሆን፣ የሚወሰነውም በጭሱ ውስጥ ካለው ጋዝ ሁሉ የውሃው እንፋሎት በያዘው ድርሻና በአካባቢው የአየር ግፊት ነው። ድርሻው በበዛ ቁጥር ጤዛው በከፍተኛ ሙቀት ላይ ይጀምራል፤ በእሳቱ ውስጥ የሚያልፈው ትርፍ አየር፣ ማለትም ለማቃጠል ከሚያስፈልገው በላይ የሚገባው፣ ሲበዛ ደግሞ እንፋሎቱ ስለሚሳሳ ነጥቡ ዝቅ ይላል።

በባሕር ጠለል ላይ፣ ምንም ትርፍ አየር ሳይኖር በትክክል ቢቃጠሉ፣ የተፈጥሮ ጋዝ 59 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የሲሊንደር ጋዝ 55፣ ነጭ ናፍጣ ደግሞ 51 ዲግሪ ገደማ ላይ ጤዛ ይጀምራሉ። በተግባር ሁልጊዜ ትርፍ አየር አለ፤ 20 በመቶ ቢሆን ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ወደ 56፣ ወደ 51 እና ወደ 47 ይወርዳሉ። ከሰል አብዛኛው ሃይድሮጅኑ ሲከስል ስለወጣለት ከ30 ዲግሪ በታች ነው። እንጨት ግን አንድ ቁጥር የለውም፤ የእርስዎም ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቀላል ምድጃ ላይ 80 በመቶ ያህል ትርፍ አየር ይዞ የሚነድ እንጨት ከክብደቱ 20 በመቶው ውሃ ከሆነ ነጥቡ 47 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከተቆረጠ ብዙ ያልቆየና ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ እንጨት ግን 59 ዲግሪ ይደርሳል። እንዲህ ያለው እርጥብ እንጨት የተፈጥሮ ጋዝን ያህል ውሃማ ጭስ አለው ማለት ነው።

ከፍታውን በተመለከተ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሡት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ውሃ በጅማ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጠቅላላ ግፊቱ ሲቀንስ የእንፋሎቱም ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የእሱ ድርሻ) አብሮ ስለሚቀንስ፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው ቁጥሮች ሁሉ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይቀንሱ። እንግዲህ በጅማ ናፍጣ 43፣ የሲሊንደር ጋዝ 47፣ ደህና የደረቀ ፍልጥ 43፣ እርጥብ ፍልጥ 55 ዲግሪ ገደማ ይሆናሉ።

በግምት ከምንነጋገር ማገዶዎን ቢመዝኑት እመርጣለሁ። ከክምሩ መካከል አንድ ፍልጥ ወስደው በትንንሹ ይሰንጥቁት፤ በትክክል 1,000 ግራም መዝነው በ105 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ያድርቁት። የጎደለው ግራም ሁሉ ውሃ ነበር። ከዚህ ጋር የጭስ ማውጫውን ፊት ሙቀት ጠዋትና ቀትር ላይ ይለኩልኝ። ወሳኙ የጋዙ ሙቀት ሳይሆን የላሜራው ነው፤ መካከል ላይ ያለው ጋዝ 120 ዲግሪ ሆኖ እያለ ውጭው ቀዝቃዛ ከሆነ ያልተሸፈነ ስስ ላሜራ ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ሊል ይችላል።

«የቦይለር ጠጋኝ»፣ 17 ዓመት በሙያው፤ ሐምሌ 9

መምህሩ የውሃውን ነገር በሚገባ ስላስረዱ እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው አሲዱ ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣ በሚያቃጥሉ ቦይለሮች ላይ ብዙ ሠርቻለሁ፤ እዚያ የሚያስፈራው የውሃው የጤዛ ነጥብ ሳይሆን የሰልፈሪክ አሲዱ ነው። በነዳጁ ውስጥ ያለው ሰልፈር ሲቃጠል ከፊሉ ከእንፋሎቱ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆንና ገና ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ በብረቱ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ፋብሪካ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ በጭሱ ሙቀት አስቀድሞ የሚያሞቅ የቧንቧ ጥቅል አስገባ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ጭሱን እስከ 110 ዲግሪ ድረስ አቀዘቀዙት። ዓመት ሳይሞላ ጥቅሉን ፈትቼ ሳወጣው ቧንቧው እንደ ደረቀ ቅጠል በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ነጭ ናፍጣ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሰልፈር ስላለው ጉዳቱ እንዲህ አይከፋም፤ እንጨት ደግሞ ሰልፈር የለውም ማለት ይቻላል። እንጨት ግን የራሱ ኮምጣጣ ነገር አለው፤ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የኮምጣጤ አሲድና ሬንጅ መሳይ ጥቀርሻ ያወጣል። የሸተትዎ እሱ ነው። ዚንክ ደግሞ አሲድ አይችልም፤ ስለዚህ ያንኑ ዓይነት ላሜራ በወፍራም ቢለውጡት የሚገዙት ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመጋጠሚያው አቅጣጫ ነው፤ ይህን በያጆቻችን ሁሉ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። አብዛኞቹ ጭስ ማውጫን እንደ አሸንዳ ቱቦ ስለሚያስቡት ዝናብ እንዳይገባ ብለው የላይኛውን ቁራጭ በታችኛው ላይ ያጠልቁታል። ለዝናቡ ልክ ነው። በውስጥ ግድግዳው ላይ ቁልቁል የሚወርደው ጠብታ ግን መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ የሚሄድበት ቦታ ውጭ ብቻ ይሆናል። ጤዛ ለሚያወጣ ጭስ ማውጫ የላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ መግባት አለበት፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ ከውስጥ ወደ ውስጥ እየተላለፈ እስከ እግሩ ይወርዳል። እግሩ ላይ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያና ቀጭን መውጫ ይደረግለታል።

በተጨማሪ ቦይለሩን ማታ ማታ የአየር መግቢያውን ዘግታችሁ እሳቱን እያፈናችሁ የምታሳድሩት ከሆነ ይህን ልማድ ተዉት። የታፈነ እሳት ጥቀርሻን በብዛት ያመርታል፤ ጭሱ በመንገዱ ላይ ከ120 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያ ጥቀርሻ ይጋገራል፤ የተጋገረው አንድ ቀን በኃይለኛ እሳት ሲያዝ ደግሞ የሚነደው ጭስ ማውጫው ራሱ ነው። ማውጫውን ከደፈነው የባሰ ነው፤ መርዛማው ጋዝ ሰው ወደሚተኛበት ክፍል ይመለሳል።

«የማረፊያ ቤት ኃላፊ»፤ ሐምሌ 14

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታዘዝኩትን አድርጌአለሁ። ከክምሩ መካከል የወሰድኩት 1,000 ግራም ባሕር ዛፍ በወጥ ቤታችን ምድጃ ውስጥ ሲደርቅ 560 ግራም ሆኖ ቆመ። በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ተውሼ የሦስተኛውን መጋጠሚያ ፊት ስለካው፣ ጥላሸት የለበሰ ስለሆነ ጥሩ ይነበባል ተብዬ፣ ጠዋት 12፡30 ላይ 41 ዲግሪ፣ ከቀትር በፊት ደግሞ 68 ዲግሪ አገኘሁ። ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ ጠዋት 19 ዲግሪ ነው። ጋሼ የቦይለር ጠጋኝ እንዳሉትም የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ላይ የተጠለቀ ሆኖ አገኘሁት፤ ፈሳሹ የሚወጣው ልክ ከጠርዙ ሥር ነው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በአውሮፓ ይህን ጤዛ ሆን ብለው በማውጣት ሙቀት የሚያተርፉ ቦይለሮች አሉ ይባላል። የእኛ ውሃ እንዲህ ቀዝቃዛ ከሆነ ለምን አንጠቀምበትም?

«ቡና አድራቂ»፣ ጅማ ዙሪያ፤ ሐምሌ 14

ወንድሜ፣ ስለ ገለፈቱ እኔ ልመስክር፤ የቡና ማድረቂያ ማሽናችን ምድጃ የሚነደው በእሱ ብቻ ነው። እኛ ጋ ያለው ነገር ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሥራ ስንጀምር ከአምናው የተረፈውን ገለፈት እናነዳለን፤ የሙቀት ማስተላለፊያው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ታኅሣሥ ላይ በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ሠራተኛ፣ አዲስ የተፈለፈለ ገለፈት ስናነድ ጠብታ የለም። አሁን እንደገባኝ ገለፈቱ ክረምቱን ሙሉ በዳስ ሥር ሲቀመጥ ዝናብ ባይነካውም ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። በእጅ ሲጨብጡት አዲሱ ኮሽ ብሎ ይሰባበራል፤ ያደረው ግን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል።

መምህር፣ አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፦ እርስዎ የሰጡን ቁጥር የሚገባውን አየር ደረቅ አድርጎ የተሰላ ይመስለኛል። የጅማ የክረምት አየር ደግሞ ደረቅ አይደለም። ይህ ለውጥ አያመጣም?

«የሙቀት ምሕንድስና መምህር»፤ ሐምሌ 15

እህቴ፣ እውነት ነው፤ አየሩን ደረቅ አድርጌ ነው ያሰላሁት፤ ይህ ደግሞ ለጅማ ክረምት አይሆንም። ጠዋት በ13 ዲግሪ በእርጥበት ሊጠግብ የተቃረበ አየር ከይዘቱ ወደ 1.7 በመቶ የሚሆነው የውሃ እንፋሎት ነው። ትርፍ አየር በሚበዛበት የማገዶ ምድጃ ይህ ብዙ ነው፤ የጤዛ ነጥቡን ከ1.5 እስከ 3 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከፍታው የቀነሰልንን ክረምቱ በከፊል ይመልስብናል። ስለ ገለፈቱም ስሌቱ ከእርስዎ ትዝብት ጋር ይስማማል፦ 12 በመቶ እርጥበት ያለው ገለፈት በጅማ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ጤዛ ሲጀምር፣ 30 በመቶ የጠጣው ግን ወደ 47 ይደርሳል። የማስተላለፊያ ቧንቧችሁ ፊት በእነዚህ በሁለቱ መካከል እያለ ይሠራ ከነበረ፣ በአንዱ ወቅት አንጠባጥቦ በሌላው መድረቁ አያስገርምም።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። ማገዶዎ 44 በመቶ ውሃ ነው፤ የክረምቱ አየር ሲታከልበት በእርስዎ ቦታ ጤዛው የሚጀምረው 54 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የላሜራዎ ፊት ጠዋት 41፣ ከቀትር በፊት 68 ነው። ላሜራው ስስ ስለሆነ የውስጥና የውጭ ፊቱ ሙቀት ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ ጠዋት ከነጥቡ በ13 ዲግሪ በታች ስለሆነ ያንጠባጥባል፤ 4 ሰዓት አካባቢ 54ን ሲያልፍ ያቆማል። የቦይለሩ ውስጥም እንዲሁ ያልበዋል፤ 19 ዲግሪ ውሃ ከጀርባው ያለ ብረት እሳቱ ምንም ቢነድ በቶሎ አይሞቅም። ስለዚህ ከሞቀው ውሃ ጥቂቱን በትንሽ ፓምፕ ወደ መግቢያው የሚመልስ ማለፊያ ቧንቧ ያስገቡና፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ድብልቅ ውሃ በተቻለ ፍጥነት 55 ዲግሪ እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ሙቀት እየለካ ራሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ካገኙ ደግሞ የበለጠ ነው።

ማገዶው የሚያስከፍለውን ደግሞ ይመልከቱት። 20 ኪሎ ደህና የደረቀ፣ 20 በመቶ ውሃ ያለው ፍልጥ ሲነድ በጭሱ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ 12.6 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሹ ውሃ ከሆነው ፍልጥ ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ወደ 36 ኪሎ ማንደድ ግድ ይላል፤ ከእሱ ጋር የሚወጣው ውሃ 27 ኪሎ ይሆናል። በጭስ ማውጫው የሚያልፈው ውሃ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ የእያንዳንዱን ኪሎ ውሃ ለማትነን ደግሞ 2.4 ሜጋ ጁል ሙቀት ይጠፋል። አንዳንድ ሰዎች የአየር በሩን በሰፊው ክፈት ይላሉ፤ የጤዛ ነጥቡ በርግጥ ይወርዳል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ትርፍ አየር ሙቀቱን ተሸክሞ ስለሚወጣና እሳቱንም ስለሚያቀዘቅዝ አልመክርዎትም።

ሆን ብሎ ጤዛ ስለማውጣት ለጠየቁት፦ በተፈጥሮ ጋዝ በእንፋሎቱ ተደብቆ የሚወጣው ሙቀት ከነዳጁ የተጣራ ሙቀት (የእንፋሎቱ ሙቀት ሳይቆጠር ከሚገኘው) 11 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በናፍጣ 6 በመቶ ገደማ ነው። የአውሮፓ ቦይለሮች የሚያተርፉት ይህን ነው፤ የሚመለሰው ውሃ ከጤዛ ነጥቡ በታች የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ሙቀት ተቀባዩም ከስቴንለስ ወይም አሲድ ከሚችል ሌላ ብረት ይሠራል፤ ጋዙም ንጹሕ ነው። የእርስዎ ውሃ በቅዝቃዜው ይስማማል፤ ጭስዎ ግን ጥቀርሻና ሬንጅ ይዞ ስለሚመጣ ቀጫጭን ቧንቧዎችን በአጭር ጊዜ ይደፍናቸዋል። በፍልጥ ለሚሠራ አነስተኛ ቦይለር ይህን አያስቡት። ገንዘቡን ለማገዶ መጠለያ ያውሉት፤ ትርፉ ከዚያ ይገኛል።

«የቦይለር ጠጋኝ»፤ ሐምሌ 15

ጭስ ማውጫውን ስትለውጡ ከመጀመሪያው መጋጠሚያ በላይ ያለውን ድርብ አድርጉት፤ የውስጡ ስቴንለስ፣ የውጩ ተራ ላሜራ፣ በመካከላቸው አምስት ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ሱፍ። ሱፉ ከረጠበ ዋጋ ስለሌለው የላይኛውን ጫፍ በደንብ ዝጉት። ሁሉንም ስቴንለስ ለማድረግ አቅም ካልፈቀደ፣ ከላይ ያለውን፣ በጣም የሚቀዘቅዘውን ቁራጭ አስቀድሙ።

«የማረፊያ ቤት ኃላፊ»፤ ጥር 20

የደረሰበትን ለማሳወቅ ነው የተመለስኩት። ነሐሴ ላይ ሦስቱን የላይኛ ቁራጮች በስቴንለስ ለውጠን በድንጋይ ሱፍ ሸፈንናቸው፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ገልብጠን የላይኛውን ወደ ታችኛው ውስጥ አስገባን፤ እግሩ ላይም ማጠራቀሚያ አደረግን። በያጁ መጀመሪያ ዝናብ ይገባል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ ቧንቧውን ፈትተን በውስጡ የወረደውን የፈሳሽ መስመር በችቦ ሲያይ ግን ራሱ ገልብጦ ሠራው። የማለፊያ ቧንቧውና ፓምፑ በመስከረም ገቡ።

ከመጠገኑ በፊት ማጠራቀሚያውን ብቻ አስቀድመን ስላስገባን መለካት ችዬ ነበር፤ ያን ጊዜ በአንድ ጠዋት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይወርድ ነበር። ማለፊያው ከገባ በኋላ በዚያው እርጥብ ማገዶ ወደ ሦስት ስኒ ቀነሰ። በኅዳር የገዛነውን ባሕር ዛፍ ቀጭን አድርገን አስፈልጠን፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ጣሪያ ሥር ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገን ደርድረነዋል። ባለፈው ሳምንት መዝኜ ሳደርቀው 1,000 ግራሙ 740 ሆነ። ገና 20 በመቶ አልደረሰም፤ ቢሆንም ዛሬ ጠዋት ማጠራቀሚያውን ስከፍተው ያገኘሁት ከታች የተለጠፈ ቀጭን ጥቀርሻ ብቻ ነው። ግድግዳውን በሚቀጥለው ሳምንት እናስቀባለን።